ሁለቱም አልቅሰዋል

የሰፈሩ ሰው «ዝምታው» የሚለው አናጢ ሙስሊም ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ ክርስቲያን። ዘመድ ሁሉ በሹክሹክታ የሚያነሣውን ልዩነት እነርሱ የምሳ ሰዓት መጫወቻ አድርገውት ነበር።

«ጌታ ያንተው የሙያ ባልደረባ ነው» ትለዋለች፣ ከፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እየለቀመችለት። «የእናንተ ነቢይ ነጋዴ ነበሩ። መንገድ ስተህ ነው እዚያ የገባኸው።»

«ነቢያችን ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ በቤት ሥራም ያግዙ ነበር።»

«እንግዲያው ተከተላቸዋ። ሳህኖቹ ያውልህ።»

አንድ ነገር ግን መልስ አጥታለት ቀርታለች፦ እርሱ የእርሷን ጌታ እንደ ነቢይ ያከብራል፤ እርሷ የእርሱን ነቢይ ምን ብላ እንደምትቀበል አታውቅም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝምታው ያሸንፋል፤ ሳህኑን የሚያጥበው ግን እርሱ ነው።

ለአንድያ ልጃቸው የሚወዛወዝ አልጋ ሠራለት፤ ምስማር ያልገባበት፣ እንጨቱ ለእንጨት በተጠረበ ጥርስ ብቻ የተገጣጠመ። ከቅስት እግሮቹ አንዱ በፀጉር ያህል ስለሚረዝም ወደ ግራ ሲያዘነብል «ኳ» ይል ነበር። አናጢው ለሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን ሳያርም አያድርም። ሕፃኑ ግን ያንን ድምፅ ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደውም ነበርና ተወው።

ልጁ እግር ማውጣት እንደ ጀመረ ትኩሳት ወሰደው።

ከቀብሩ በኋላ የሚስቲቱ እናት የልጁ አልጋ ከዓይን እንድትርቅ ፈልገው ለነፍሰ ጡሯ ጎረቤት እንድትሰጥ መከሩ። ልጃቸው ግን በየማለዳው የሕፃኑን አልጋ አንሶላ ትቀይራለች፤ የተቀየረውን፣ ማንም ያልተኛበትን፣ አጥባ ታሰጣለች። ከሰዓት በኋላ፣ ማንም አልጋዋን ሳይነካት፣ ካለችበት ጓዳ «ኳ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አናጢውም ይሰማዋል፤ ሰማሁ ግን አላለም። መስኮቱን ዘጋ፤ ከቅስቱ ሥር ሽብልቅ አስገባ። ድምፁ አልቀረም።

አንድ ቀን የተውት የምሳ ሰዓት ጨዋታ መራራ ሆኖ ተመለሰ።

«ጌታ የመበለቲቱን አንድያ ልጅ ከቃሬዛው ላይ አስነሥቶ ለእናቱ ሰጥቷታል» አለችው። «የእናንተ ነቢይስ ማንን አስነሡ?»

መላጊያውን ይዞ ወጣ። ሲሠራ ዋለ፤ ምን እንደ ሠራ አያውቅም። የገባው አንድ ነገር ነበር፦ ሚስቱ እያዘነች አይደለም፤ እየጠበቀች ነው። ልጁን አፈር አልብሷል፤ እናቱ ደግሞ በቁሟ እየተከተለችው ነበር።

ሲመለስ ከልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። እርሱም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማንን አስነሡ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነቢያችን ሕፃን ልጃቸው እቅፋቸው ውስጥ ሲያጣጥር አለቀሱ። እርስዎም ያለቅሳሉ ወይ ተባሉ። ዓይን ያነባል፣ ልብም ያዝናል፤ ጌታችንን የሚያስከፋ ግን አንናገርም አሉ።»

«ልጁስ?»

«ቀበሩት።»

እጇ የአልጋዋን ጠርዝ እንደ ያዘ ነበር።

«ጌታም በወዳጁ መቃብር አጠገብ አልቅሷል» አለች በመጨረሻ። «ሊያስነሣው መጥቶ፣ እንደሚነሣም እያወቀ። ለምን እንዳለቀሰ ገብቶኝ አያውቅም ነበር።»

በቀብሩ ቀን ዓይኑ ያልረጠበው ሰውዬ ግንባሩን በእንጨቱ ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አልጋዋ ተወዛወዘች፤ ኳ አለች።

በማግሥቱ አብረው ፈቷት። እርሱ ጥርሶቹን ያላቅቃል፤ እርሷ ሳንቃዎቹን ትቀበላለች። ለጎረቤቲቱ ሌላ አልጋ ሠራላት፤ እግሮቹ እኩል የሆኑ።

ድምፁ ግን ዛሬም ይመጣል፤ አልጋ ከሌለበት ጓዳ፣ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር። ዝምታው ቀና ይላል።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ሁለቱም ከተቀመጡበት አይነሡም።