ጨው የሌለው ማዕድ

ሎሚ ስጨምቅ አጎቴ ከጀርባዬ ይቆማል። ዛሬም በርባንክ ከተማ ባለው ወጥ ቤቴ፣ ሽታው ገና አፍንጫዬን ሳይለቅ፣ «ጨው አለው?» ሲለኝ ሰማሁት። ዞሬ እንዳላይ ራሴን ያዝኩ። እንዲያም ሆኖ «አለው» ብዬ መለስኩለት። ያኔም እንዲሁ እያልኩ ነበር የማታልለው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ የነበረውን ነው የማወራው። ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለች ጠባብ አፓርታማ ከአጎቴ ጋር እኖር ነበር። እሱ ፓርኪንግ ይሠራል፣ እኔ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ሚስቱ ደግሞ ናይሮቢ ሆና የመግቢያ ወረቀቷን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ከሐኪም ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዶክተሩ ጨውና ቅቤ ስቶፕ ካላደረግህ ሚስትህ ስትመጣ አታገኝህም አለኝ» አለ። «ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኩክ የምታደርጊልኝ አንቺ ነሽ።»

ሴት ስለሆንኩ ማብሰል የምችል መስሎት ነው። እናቴ «አንቺ ብቻ ተማሪ» እያለች ከወጥ ቤት ስታባርረኝ ያደግሁ፣ እንቁላል እንኳ የማሳርር ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ የምግብ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ሽፋኑ ላይ «ቀላልና ጤናማ» የሚል አንጸባራቂ መጽሐፍ ነበር። ብገልጠው ግማሹ የአሳማ ሥጋ ነው። የቀረውን ለመሥራት ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ቅጠል ሁሉ ያስፈልጋል። እንደታዘዝኩት ሠርቼ ባቀርብለት አጎቴ አንዴ ጎርሶ፣ «ይሄ እኮ ከበሽታው ይብሳል!» አለኝ። ሳቅን። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ የሰው ነፍስ እጄ ላይ የወደቀ ነበር የመሰለኝ።

እዚያው ፌርፋክስ ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ነበሩ። ሱቃቸው አቧራና አሮጌ ወረቀት ይሸታል፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያው ላይ ትተኛለች። ችግሬን ስነግራቸው፣ በእጄ የያዝኩትን አዲስ መጽሐፍ ቀምተው አስቀመጡት። «የምግብ መጽሐፍ ንጹሕ ከሆነ ማንም አላበሰለበትም ማለት ነው» አሉኝና ገጹ ሁሉ ዘይት የጠጣ፣ ጀርባው የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። ልባቸውን ይታመሙ ለነበሩት ባላቸው ያበስሉበት የነበረ ነው። በእሳቸውም ሃይማኖት አሳማ ስለማይበላ፣ ሥጋና ወተትም ስለማይቀላቀል፣ ሥጋም ወተትም የሌለባቸው ብዙ ምግቦች ነበሩበት፤ ለጾም የሚሆነኝን ሁሉ እዚያው አገኘሁ። በጨው ፈንታ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንድጠቀም ያስተማረኝ ያ መጽሐፍ ነው። በእሱ የሠራሁት ምግብ አንድም ቀን አልተበላሸብኝም።

አጎቴ እየተነጫነጨም ቢሆን በላ። ፊቱ ላይ የነበረው እብጠት ጎደለ፤ ማታ ማታ ማንጎራጎርም ጀመረ።

ችግሩ እሁድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታክሲ የሚነዱ ጓደኞቹ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። አንድ እሁድ ለእንግዶቹ ደህና ወጥ በትሪ አቀረብኩ፣ ለእሱ የራሱን ምግብ በሳህን። ሳህኑን አየት አደረገና ገፋው። «በሽተኛ ነኝ እንዴ ለብቻዬ የምበላው?» ብሎ እጁን ትሪው ላይ ሰደደ። በማግስቱ ራሱን አዙሮት፣ ግድግዳ እየተደገፈ ነበር ሥራ የሄደው።

በሚቀጥለው እሁድ ከሾፌሮቹ በዕድሜ የሚበልጡትን ጋሼን ደረጃው ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የታክሲያቸውን ቁልፍ እያንቃጨሉ ሰሙኝና «ኦኬ» ብቻ ብለው ገቡ። ትሪው ሲቀርብ ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን መልሺውና ለሁላችንም የእሱን አምጪልን» አሉኝ።

ያን ዕለት ጨው ያልነካው ምስር ቀረበላቸው። አንዱ ፊቱን ሊያጨማድድ ሲል ጋሼ አፈጠጡበት። «ግሩም ነው! ይሄን የመሰለ ምግብ ደብቃችሁን ኖሯል?» ሲሉ አጎቴ አቀረቀረ። ገብቶታል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ እሁድ እሁድ ቤታችን ጨው ያለው ምግብ አልቀረበም።

አጎቴ የሞተው ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ወድቆ ነው። ልቡ ቀድሞ ተጎድቶ ኖሯል፤ ምግቡ ዕድሜ ጨመረለት እንጂ አላዳነውም አሉኝ ሐኪሞቹ። በዚያው ሰሞን የሚስቱ የመግቢያ ወረቀት ተፈቀደ።

በስልክ መርዶ አይነገርም። ከአውሮፕላን ስትወርድ እኔ፣ ጋሼና ጓደኞቹ ጥቁር ልብሳችንን በሌላ ቀይረን ተቀበልናት። ዐይኗ ከኋላችን ይፈልጋል። «የታለ? መኪና ፓርክ እያደረገ ነው?» አለች። ለሥራ ከከተማ ወጥቷል፣ ነገ ይገባል አልናት። መርዶው ለንጋት ነበር የተቀጠረው።

ቤት ስትደርስ ዕረፊ ብንላት እምቢ አለች። ሲመጣ የእጇን እንዲያገኝ ብላ ይዛ በመጣችው በርበሬ ወጥ ሠራች፤ የእሱን ድርሻ ቀንሳ ከደነችና የቀረውን ለእኛ በትሪ አቀረበች። ጎረስን። ምላሳችን በዚያ ቤት ጨው መቅመስ ረስቶ ኖሯል፣ አፋችንን አቃጠለን። ጋሼ ጉርሻቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«ጋሼ፣ ጨው በዛበት እንዴ?» አለች ደንገጥ ብላ። «እሱ ስለሚወድ እኮ ነው።»

«አይ፣ ልክ ነው ልጄ» አሉና ደግመው ጎረሱ።

ትሪውን ጥርግ አድርገን በላን። ውሃ ስጪኝ ያላት ግን አልነበረም።