ባለቤት ያልወሰዳቸው ኮቶች

አቶ ፍሬምናጦስ ተገኘ በምንም ምክንያት አልለቅም ያሉት አንድ ክፍል ነው። ክፍሉ በኦክላንድ ከተማ፣ በቴሌግራፍ አቬኑ፣ ከላውንደሪያቸው በስተኋላ ይገኛል። አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ያለው ጠባብ ቤት ነው፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የሸፈኑት ግን ከሰባ ዓመት በፊት በባቡር ላይ ይለበሱ የነበሩ ጥቁር ሰማያዊ ኮቶች፣ ነጭ ጃኬቶችና ቆቦች ናቸው። አቶ ፍሬምናጦስ ለዚህ ክፍል ሲሉ ከወዳጃቸው ጋር ተኳርፈዋል፤ ከልጃቸው ጋር ተሟግተዋል፤ ወዳጅና ልጅ በአንድ ድምፅ እንደሚመሰክሩትም የከተማውን ምክር ቤት ወንበር አጥተዋል።

ወደ አሜሪካ የመጡት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ሊማሩ ነበር። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ይላክላቸው የነበረው ድጎማ ተቋረጠ፤ እሳቸውም ለአንድ ክረምት ብለው በዚሁ ላውንደሪ የእንፋሎት ካውያ ያዙ። ያ ክረምት ግን ሳያልቅ ቀረ። አሠሪያቸው በጡረታ ሲሰናበት ቤቱን ከእነዕቃው ገዙት፤ ኋላም በሳን ሆዜ ሁለተኛውን ከፈቱ። ድልድይ ሊሠሩ የመጡት ሰው የሁለት ከተማ ሕዝብ ሱሪ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረጉ።

በቤቱ ዕቃ መካከል ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ኮቶች የተሰቀሉበት ረጅም ዘንግ ነበር። በዚህ ሙያ ሰው ልብሱን ሰጥቶ ሳይመለስ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ቤቱም ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ለበጎ አድራጎት ይሰጠዋል። አቶ ፍሬምናጦስ ግን በአደራ የተረከቡትን ልብስ አሳልፎ መስጠት ከስርቆት አይለይም ይላሉ። «ሰውየው ነገ ቢመጣስ?» ነው ጥያቄያቸው። ነገ የተባለው አርባ ዓመት አልፎታል።

አንድ ቀን ከኮቶቹ አንዱን ሲተኩሱ በአንገትጌው ውስጥ በክር የተጠለፈ ስም አዩ። ሌላውን ገለጡ፤ እሱም ስም አለው። ስሞቹን ይዘው ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። የኮቶቹ ባለቤቶች በመኝታ ባቡር ያገለግሉ የነበሩ፣ በምዕራብ ኦክላንድ ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸውን ያወቁት በዚያ ነው። ተሳፋሪው በገዛ ስማቸው አይጠራቸውም ነበር። እነሱ ግን ስማቸውን በአንገትጌያቸው ጠልፈው፣ ማኅበር መሥርተው፣ ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ዓመታት ተሟግተው ረቱ። አቶ ፍሬምናጦስ ይህን ካነበቡ በኋላ የአሜሪካ ታሪክ አፍቃሪ ሆኑ። ክፍሉን አሳድሰው ኮቶቹን በክብር ሰቀሉ፤ የትምህርት ቤት ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጋብዙ ጀመር፤ ታሪኩን አሳምሮ ለጻፈ ተማሪም በየዓመቱ ሽልማት ይሰጣሉ። ሱሪውን ሊወስድ ብቅ ያለ ደንበኛ የባቡር ሐዲዱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጣቢያ ሳይሰማ አይወጣም።

ወደ ፖለቲካ የገቡት ያ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ እንዲዘጋ ሲወሰን ነው። ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ሊቃወሙ ሁለት ደቂቃ ተሰጣቸው። ሁለቱ ደቂቃ ለሰላምታው እንኳ ሳይበቃ ማይክሮፎኑ ተዘጋ። በማግስቱ ለሰፈሩ ወንበር ዕጩ ሆነው ተመዘገቡ። «ማይክሮፎን የማይዘጋበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቤተ መጻሕፍቱን አስከፍታለሁ» አሉ።

የዘመቻ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሳህሉ ሆኑ። ከበርክሌ ጀምሮ ጓደኛቸው ናቸው፤ ከላውንደሪው ሁለት በር አልፎ ምግብ ቤት አላቸው። ዘመቻውን የምትመራው ደግሞ በሳን ሆዜ በኮምፒውተር ሥራ የምትኖረው ልጃቸው ሄለና ናት። የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው።

«አባዬ፣ ቮለንቲየሮቹ ስልክ የሚደውሉበት ኦፊስ ያስፈልገናል» አለች ሄለና። «የኋላው ክፍል ኢዝ ፐርፌክት። ኮቶቹን ሳን ሆዜ ስቶሬጅ እናስገባቸው።»

«የሰው አደራ መጋዘን አይገባም።»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ አቶ ሳህሉ። «ሕያው መራጭ ማረፊያ አጥቶ ሙታን አዳራሽ ይዘዋል! ደግሞስ የራስህን አገር ታሪክ ትተህ የባቡር አሳላፊ ኮት ስትተኩስ ትኖራለህ?»

«ዳቦዬን የበላሁት በማን ከተማ ነው ሳህሉ? የቤቱን ታሪክ የማያውቅ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?»

«አርባ ዓመት የተቀመጠ እንግዳ!»

ክፍሉ አልተለቀቀም። በጎ ፈቃደኞቹ በተንጠለጠሉ የሙሽራ ቀሚሶች መካከል ቆመው ስልክ ደወሉ፤ በእንፋሎቱ ጩኸት የተነሣም የተደወለለት መራጭ ሁሉ ከባቡር ጣቢያ የተጠራ መሰለው።

ከዚያ ሄለና የተቀናቃኛቸውን ስም ይዛ መጣች፤ ወይዘሮ ቨርና ሆሊስ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። አቶ ፍሬምናጦስ ስሙን እንደ ሰሙ ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን ኮት አንገትጌ ገለጡ። ሆሊስ ይላል። በማግስቱ አጣርተው መጡ፤ የኮቱ ባለቤት የሴትዮዋ አባት ነበሩ።

አቶ ሳህሉ በደስታ ጠረጴዛውን መቱ። «እግዜር ነው የሰጠህ! እንዲህ ብለን እንለጥፋለን፦ የአባቷን ኮት ከላውንደሪ ያልወሰደች፣ የከተማውን ሥራ እንዴት ትወስዳለች?»

«ነውር ነው» አሉ አቶ ፍሬምናጦስ። «የአባቷን አደራ ይዤ ልጅቷን አልሰድብም።»

«አባዬ፣ አትስደባት፤ ጀስት... አታመስግናት። ኦኬ?»

«ይሁን እሺ» አሉ አባት።

የክርክሩ ምሽት ደረሰ። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። አቶ ፍሬምናጦስ በግራጫ ሙሉ ልብስ፣ በክንዳቸው ላይ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ኮት ይዘው ገቡ። ሄለና ኮቱን ስታይ ወንበሯ ላይ ዝቅ አለች።

አወያዩ ጥያቄውን አቀረበ፦ «ከተፎካካሪዎ ይልቅ እርስዎ መመረጥ ያለብዎት ለምንድን ነው?»

አቶ ፍሬምናጦስ ተነሡ፤ ጎንበስ ብለውም ኮቱን ለወይዘሮ ቨርና በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ስለ ሴትዮዋ አባት፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ማኅበሩ ተናገሩ። ወይዘሮ ቨርና በአንገትጌው ላይ ያለውን ስም በጣታቸው ዳሰሱ። አቶ ፍሬምናጦስም ንግግራቸውን እንዲህ ሲሉ ደመደሙ፦ «የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ በዚህ ወንበር ብትቀመጥ ለከተማችን ክብር ነው። ከእኔ እሳቸው ይሻላሉ።»

ይህን ብለው ቆመው ጠበቁ። በእኛ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው። በበር ላይ አንዱ «እርስዎ ይቅደሙ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ!» ይላል፤ ሁለቱም ሲገባበዙ ቆይተው በስተመጨረሻ የመጀመሪያው ጋባዥ ቀድሞ ይገባል። አቶ ፍሬምናጦስም «ኧረ በፍጹም» የምትለዋን መልስ ይጠባበቁ ነበር።

ወይዘሮ ቨርና ዕንባቸውን ጠርገው ማይክሮፎኑን ወሰዱ። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አሉ። «እኔም እስማማለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሄለና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ።»

«በሩ ላይ ቆመህ ግቢ አልካት» አሉ አቶ ሳህሉ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የመኪናቸውን መሪ እየደበደቡ። «ገባች! ምን ታድርግ? በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው!»

«አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ ሳትል?» አሉ አቶ ፍሬምናጦስ፣ ከልብ እየተገረሙ።

በሳምንቱ በየደጁ በራሪ ወረቀት ተበተነ። ከወይዘሮ ቨርና ፎቶግራፍ በታች በደማቅ ፊደል «ከእኔ እሳቸው ይሻላሉ» ይላል፤ ከግርጌውም የተናጋሪው ስም፣ ፍሬምናጦስ ተገኘ፣ ተፎካካሪ ዕጩ። አንዷን ቅጂ አቶ ሳህሉ በምግብ ቤታቸው መግቢያ ላይ ለጠፏት፤ አስተናጋጆቹም ሳህን ባቀረቡ ቁጥር «ከእኔ እሳቸው ይሻላሉ» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር።

አቶ ፍሬምናጦስ በምርጫው ተሸነፉ። ሦስት ቀን ያህል ካውያቸው ከወትሮው ይልቅ ጮኸ፤ ለደንበኛም የባቡር ታሪክ አልተነገረም። ወንበሩን ከልባቸው ፈልገውት ነበርና ማዘናቸውን አልደበቁም።

አዲሲቷ የምክር ቤት አባል ሥራ በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ላውንደሪው መጡ። ኮቱን በክንዳቸው ይዘዋል።

«እቤት ባስቀምጠው ብል ይበላብኛል» አሉ። «ከጓደኞቹ ጋር እዚህ ይሰቀል። ሌላም ወሬ አለኝ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ታሪኩን የሚነግሩልን እርስዎ ነዎት።»

«ስንት ደቂቃ ይሰጡኛል?» አሉ አቶ ፍሬምናጦስ፣ ኮቱን ከመስኮቱ አጠገብ እየሰቀሉ።

«ማይክሮፎኑን የምይዘው እኔ ነኝ። እስኪበቃዎ።»

ያን ዕለት የእንፋሎቱ ጩኸት ወደ ወትሮው ተመለሰ። አቶ ሳህሉ ከምግብ ቤታቸው ምሳ አስይዘው መጡ፤ ሄለናም ከሳን ሆዜ ደርሳ ነበር። አቶ ሳህሉ ወዳጃቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩና የሆዳቸውን ጠየቁ፦ «በል እንግዲህ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተልህ። በሚቀጥለው ምርጫ ትወዳደራለህ? ከተወዳደርክ ይህን ክፍል ለቢሮ ትለቃለህ? ሰው ፊት ተቀናቃኝህን ማመስገንስ ትተዋለህ?»

አቶ ፍሬምናጦስ ካውያቸውን በማስቀመጫው ላይ አቆሙ፤ እንዲህም መለሱ፦

«እወዳደራለሁ፣ ሳህሉ። ቢሮዬ እዚሁ ካውያው አጠገብ ነው። ክፍሉን አልለቅም፤ ባለቤቶቹ መጥተው ልብሳችንን ስጠን እስኪሉኝ ድረስ ባለዕዳቸው ነኝ። ተቀናቃኜም ደግ ሰው ከሆነ ደግ ነው እላለሁ፤ እርስዎ ይቅደሙም እላለሁ። ይግባ! አሁንም ቢገባ ይግባ! እኔ በሩን ይዤ እቆማለሁ፤ አንድ ቀን እንቢ እርስዎ ይቅደሙ የሚል ጨዋ አሜሪካዊ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ቀን እገባለሁ።»