የእማማ ጃንጥላ መጥረጊያ

እማማ ጃንጥላ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር የኖሩት በአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት የውጭ ደረጃ ሥር ነው። ሥራቸው ጃንጥላ መጠገን ነው፤ የተጣመመ ሽቦ ያቃናሉ፣ የተቀደደ ጨርቅ ይሰፋሉ። ባላቸው ሲሞቱ የኪራይ ክፍላቸውም አብሮ ሄደ። የባላቸው ባርኔጣ ብቻ ቀረች፤ እሷም ከደረጃው ሥር በሚስማር ተሰቅላለች።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በመጥረጊያቸው ነው። ከመንገዱ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ሆኖ ሳለ፣ አቧራ ከመጋረጃው ወዲህ ካለፈ እንቅልፍ የላቸውም።

ቤት ለሌላቸው ሰዎች እንደየገቢያቸው የሚከራይ ቤት መሠራቱን የነገራቸው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ተመዘገቡ። አጣሪ መጥቶ ኑሯቸውን ያያል ተባሉ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ እማማ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው? የሚተኙበትን ካርቶን ነጭ አንሶላ አለበሱት፣ መጋረጃውን አጠቡ፣ ከፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር ተዋሱ። አጣሪው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና «ንጹሕና የተደራጀ መኖሪያ አላቸው» ብሎ ጻፈ። ስማቸው ተሰረዘ።

«እማማ፣ ሰውየው እኮ የመጣው ችግርዎን ሊያይ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ታዲያ ችግሬን አንጥፌ ላስቀምጠው?»

«እሱን ነበር ማንጠፍ።»

አቤት አሉና አጣሪው ተመልሶ ሊመጣ ሆነ። በዋዜማው ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ከለከለ፤ መጥረጊያውንም ወስዶ ደበቀ። በማግስቱ ብቅ ሲል ወለሉ ያብረቀርቃል። በአሮጌ የጃንጥላ ጨርቅ ወልውለውታል።

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» አላቸው ተስፋ ቆርጦ።

«ኧረ ትንሽ ነው የነካካሁት።»

አጣሪው መጥቶ ወረቀቱን ሲዘረጋ ዝናቡ ወረደ። ከደረጃው ስንጥቅ ውሃ ይንቆረቆር ጀመር። እማማ የደንበኛ ጃንጥላ ዘርግተው ለእሱና ለወረቀቱ ያዙለት፤ ለእሳቸው ግን ቦታ አልተረፈም።

«ያፈሳል?»

«ምንም አይል» አሉ፤ ውሃው በክርናቸው ይወርዳል።

«የጎደለዎት ነገር አለ?»

«ምን ይጎድላል፣ ልጄ? አንተ ብቻ ወደ ውስጥ ጠጋ በል።»

አጣሪው ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም፤ አጎንብሶ ረጅም ጻፈ።

በሁለት ወሩ ቁልፍ ተረከቡ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ የራሱ ቧንቧ፣ በር። እማማ ግን ከነገሩ ሁሉ አንድ ትምህርት ቀስመው ነበር፤ ንጽሕና ቤት ያሳጣል።

ተከራዩ ራሱ እንደሚኖርበት ለማረጋገጥ ቤቱ በሦስተኛው ወር አንድ ጊዜ ይታያል። አንድ ቀን ከሰዓት በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

«አጣሪው ነኝ፣ እማማ።»

«አንዴ ጠብቀኝ፣ ልጄ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው መጋረጃ ገልጦ ሲገባባቸው ኖሮ፣ ማስጠበቅ ለካ እንዲህ ደስ ይላል። ልብሳቸውን ወለሉ ላይ በተኑ፣ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ጎተቱ፣ አንድ እግር ጫማ ጠረጴዛው ላይ አወጡ። ከአዲሱ ግድግዳ የሰቀሏትን የባላቸውን ባርኔጣ ግን አልነኳትም። ከዚያ ከፈቱ።

አጣሪው ጫማውን አየ፤ ከተበተነው ልብስ ሥር ገና ያልደረቀውን ወለልም አየ።

«አሁን ወልውለው ነበር?»

«እኔ?»

«እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ንጹሕም ቢሆን አይወሰድም።»

«ንጹሕም ቢሆን?»

«ቢሆንም።»

«እስቲ እሱን ጻፍልኝ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈላቸው። እስኪፈርምበት ድረስ ግን እማማ አንዲት ጨርቅ ከወለሉ አላነሱም።