ስንት ቀራችሁ?

በጦርነት ያለፉ ወታደሮችን ጤና ለሚያጠና ቡድን መረጃ እሰበስብ ነበር። ከደረሱኝ ሰፈሮች አንዱ ዶሮ ማነቂያ ነው። እኩሌታው ፈርሶ ስለነበር የቀሩት ቤቶች በአንድ ጎናቸው ባዶ ሜዳ ታቅፈው ቆመዋል። ከነዚያ በአንዱ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ሰሜን ግንባር የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ስለ ደም ግፊታቸው ስጠይቃቸው፣ «እኔ ሃምሳ አለቃነት ላይ ቀረሁ፤ ግፊቴ ግን በየወሩ ማዕረግ ይጨምራል» ብለው አሳቁኝ። ስለ እንቅልፋቸው ስጠይቅ ግን ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«እሷን ጠይቂያት።»

ሴትየዋ ሸኝተውኝ ሲወጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይጣራል» አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው የሬዲዮ ስሙ «ዋርካ» የሆነ አንድ የተራራ ምሽግ ይጠራሉ። ያ ምሽግ በውጊያ መሀል ድምፁ ጠፍቶ የቀረ ነው። መልስ ካጡ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ስለዚህ ባለቤታቸው ከጓዳ «እሰማለሁ» ይላሉ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሲመልሱ ኖረዋል።

ሁለተኛ በሄድኩ ቀን ሴትየዋ «ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ። ሃምሳ አለቃው ስለ ጆሯቸው እየነገሩኝ ሳለ፣ ወሬው መሀል አንገታቸው ዘንበል አለ። ውጭ ሲቆፍር የነበረው ማሽንም ፀጥ አለ።

«ዋርካ፣ ዋርካ… ትሰማኛለህ?»

ድምፁ የሽማግሌ አልነበረም፤ የጎረምሳ ነበር። ዓይናቸው ተከድኗል። አውራ ጣታቸው የማይታይ ቁልፍ ይጫናል፣ ይለቃል። በለቀቁ ቁጥር ጆሯቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ። እኔም አብሬያቸው ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት። ደጋግመው ጠሩ። ከንፈራቸው ሲገረጣ ፈራሁ።

«እሰማለሁ» አልኩ።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ስንት ቀራችሁ?»

ይህን ሴትየዋ አልነገሩኝም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር የነቃ ሰው የለም።

«እኔ ብቻ።»

ፊታቸው ተጨማደደ። «ስማኝ ወንድሜ» አሉ። «ሬዲዮኑን ሰባብረው። ከኋላህ ባለው ደረቅ ወንዝ ውረድ። ዞረህ እንዳታይ። አሁኑኑ ውጣ!»

ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን ታዘዘ። ደጅ ወጥቼ ፍርስራሹን ፊት ለፊት እያየሁ ቆምኩ። አንድ ሰው ማጅራቴ ላይ የሚተነፍስ መሰለኝ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ሴትየዋ ሲመለሱ እዚያው ደርቄ አገኙኝ። አብረን ስንገባ ሃምሳ አለቃው እንቅልፍ ጥሏቸዋል፤ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል።

ለመጨረሻው ጉብኝት ስመለስ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሴትየዋ እስከ በር ሸኙኝ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አይጣራም» አሉኝ፤ የደስታ ድምፅ አልነበረም። «ከምሳ በኋላ ጓዳ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ዝም ነው። ምን ብለሽው ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እኔ ‹ሁላችንም አለን› ነበር የምለው። እሱም ‹በሉ ጠብቁ፣ ረዳት ጦር እየመጣ ነው› ይለኛል።» ክንዴን ያዙኝ። «ታዲያ ልጁ ወጣ?»

«የትኛው ልጅ፣ እማማ?»

«ያ ብቻውን የቀረው ነዋ!»

ምን ልበላቸው? «ወጥቷል» አልኳቸው።