ሁለት አንገረብ

ዛሬም በብየዳ ቤት በኩል ሳልፍ ውኃ የነካው ካርባይድ ሲሸተኝ እግሬ ይቆማል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚለው ያ ሽታ መተማ ወዳለው ግቢያችን ይዞኝ ይነጉዳል። አባቴ በያጅ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ሰውም ሰሊጥም የሚያመላልስባት ሸራ ለባሽ አሮጌ መኪና ነበረችውና፣ የምንበላውም የምንለብሰውም ከእሷ ነበር።

አንድ ጥር ከቋራዋ ገለጉ ማሽላ ጭኖ ሊመለስ ሲል የፊት ጎማዎቿን የሚሸከመው ብረት ተሰበረና፣ መኪናዋን ወዳጁ ደጅ ትቶ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና እያለ አቧራ ለብሶ ቤት ገባ። በገመድ እንዳትጎተት የፊት እግር የላትም፤ ክረምቱ ከገባ ደግሞ የቋራ ጥቁር አፈር የዋጠውን አይመልስም። ስለዚህ መኪና የሚሸከም ተሳቢ በገዛ ግቢው ሊሠራ ተነሣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትራክተሩን ለአንድ ምልልስ ብቻ ፈቀዱለት፤ ሁለተኛ እንደማይኖርም አስረግጠው ነገሩት።

ገለጉ ላይ ሜትር አልያዘም ነበርና፣ የወዳጁን አንገረብ፣ ያን በጠፍር የተጠለፈ የቆላ አልጋ፣ ከመኪናዋ ጎን አጋድሞ ሲለካት ከፊት ጎማ ጫፍ እስከ ኋላ ጎማ ጫፍ ልክ ሁለት አንገረብ ሆነችለት። ቤት ሲገባ ሜትሩን ከሣጥን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የእኛን አንገረብ ለካና በእጥፉ የተሳቢውን መልክ በአመድ መሬት ላይ ሣለው። እኔና ታናሽ እህቴ አመዱን ሳንረግጥ እየዘለልን እንገባና ቤታችን ነው ብለን እንጫወትበት ነበር።

መጋቢትና ሚያዝያ ቀን ቀን ብረቱ እጅ አያስነካም ነበርና፣ አባቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የካሚዮን ሻንሲ እየቆረጠ፣ እየበየደ፣ ፀሐይ ስትበረታ እየተወ፣ አመዱ ላይ ያለውን ሥዕል ቀስ በቀስ ብረት አለበሰው። ወለሉ ጣውላ ሲለብስ እኔና እህቴ እዚያ መተኛት ጀመርን፤ ሙቀቱ ከምድር ሲነሣ የተንሳፈፍን ይመስለኝና፣ ግቢያችን ከነቁርቁራው ዛፍ ተሳቢው ላይ ተጭኖ ወደ ሱዳን ሲሄድ በሕልሜ አየው ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ደመናው በምዕራብ በኩል ከበደ። ትራክተሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቴ ከምሳ በኋላ ቁርቁራው ሥር አንገረቡ ላይ ጋደም አለ። ያ አንገረብ እናቴ ስትዳር የተሰጣት ነበር፤ አባቷ በእሷ ቁመት ልክ ያሠሩት ስለሆነ የአባቴ እግር ሁልጊዜ ከጫፉ አልፎ ይወጣል፤ ይቀየር ቢባል ግን እሺ አይልም። እናቴ ዝንብ እንዳያርፍበት ነጠላዋን እንደ ልማዷ እግሩ ላይ ጣል አደረገችና እዚያው ቆማ ቀረች።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ገለጉ ሲያድሩ እግርዎ ከአንገረቡ ያልፍ ነበር?»

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምን ሊያልፍ፤ እግሬን ዘርግቼ ነው የተኛሁ» አላት።

«እንግዲያ የሰውየው አንገረብ ከኛ ይረዝማላ።»

አባቴ ተነሥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ከአንገረቡ ወደ ተሳቢው፣ ከተሳቢው ወደ አንገረቡ ሲመላለስ አየሁት፤ አንዱ አንገረብ ሲያጥር ተሳቢው እጥፍ አጥሯል። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበርና ያን ዕለት እኔም ፈራሁ። ብረቱ አልቋል፣ ትራክተሩ ነገ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

«በሩስ ብረት አይደል?» አለች እናቴ በቀስታ።

በሠፈሩ የብረት በር የነበረው የእኛ ግቢ ብቻ ነበር፤ አባቴ ሲያገባት ሠርቶ፣ አረንጓዴ ቀብቶ፣ የሚኮራበት በር። ተነሥቶ በሩን ከነቋሚዎቹ ነቀለው። በማግስቱ ትራክተሩ ሲደርስ ተሳቢው አረንጓዴ ጭራ አብቅሎ ጠበቀው።

አባቴና ትራክተረኛው ሲመለሱ የመጀመሪያው ዝናብ ከኋላቸው እየተከተለ ነበር። መጀመሪያ የትራክተሩ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ መኪናችን ከሰሊጥ ማሳው በላይ እንደ ጀልባ እየተወዛወዘች ብቅ አለች፣ አባቴም መሪዋን ይዞ፣ ሞተሯ ሳይነሣ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አብሮ ያጥፍ ነበር። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። በር ባልነበረው ደጃችን ሲገቡ ትራክተረኛው ወርዶ፣ «እትዬ፣ ይቺ ጭራ ባትኖር የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ነበር» አላት። እሷ ግን አባቴን ታየው ነበር።

ዛሬ በዚያው መንገድ መኪና በመኪና ላይ የደረደሩ ረጃጅም ተሳቢዎች ያልፋሉ፤ ልጆቹ ቀና ብለውም አያዩዋቸው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ የገዛሁላትን ሰፊ አልጋ ለእንግዳ ትታ አሁንም አንገረቧ ላይ ታድራለች። ቁመቴን ከአባቴ ወርሻለሁና፣ ልጠይቃት ስሄድ ቀን ቁርቁራው ሥር አንገረቡ ላይ ጋደም ስል እግሬ ከጫፉ አልፎ ይወጣል። እናቴም በዚያ ስታልፍ ቆም ትልና፣ ነጠላዋን እግሬ ላይ ጣል ታደርጋለች።