የጋሽ ዘውዴ ቁራሽ ዳቦ

ልጅ ሳለሁ፣ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ኦስሎ ውስጥ ትሮስተሩድ ሰፈር በምማርበት ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከማሞቂያው ክፍል አጠገብ፣ ለእኛ ለሐበሻ ልጆች የተሰጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቷ ከመሬት እኩል ስለሆነ በረዶ ይጋርዳታል፤ በታኅሣሥ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጭልም ትላለች። ያኔ ጋሽ ዘውዴ አምፖሉን ያጠፉና ጠረጴዛው መሀል አንድ ሻማ ይለኩሳሉ፤ ማሞቂያው ላይ የሰቀልነው እርጥብ ጓንትና ኮፍያ ይሸታል፣ የክብሪቱ ጭስ አፍንጫችን ሥር ይቀራል፣ እኛ አምስታችን ደግሞ ወንበሮቻችንን እየጎተትን እሳቸው ጉልበታቸው ሥር ለመቀመጥ እንሻማለን። ዛሬም እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ደስታና ሐፍረት አንድ ላይ ይመጡብኛል፤ ሐፍረቱ ይበልጣል።

ጋሽ ዘውዴ አገር ቤት ነቀምት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ኦስሎ ሲመጡ ትምህርት ቤታችን በሳምንት ሦስት ቀን ቀጠራቸው። ሥራቸው አማርኛችን እንዳይጠፋ ማስተማር፣ ክፍል ውስጥ ያልገባንን ማስረዳት፣ ከዚያ ደግሞ እኛን ለኖርዌጆቹ አስተማሪዎች ማስረዳት ነበር። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን አንዱን ልጅ «ሳናግረው ዓይኔን አያይም፣ የሚደብቀው ነገር አለ» ብላ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ፊት ስትከስ፣ ጋሽ ዘውዴ በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጅኛቸው «እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ይደፋል፤ አክብሮት ነው» ብለው ልጁን ከጭቅጭቅ አዳኑት። ለእኛ አፍ ነበሩ እንጂ ለራሳቸው ምላሳቸው ብዙም አልተፈታም።

ተረት ላይ ግን ወዮ! «ተረት ተረት!» ሲሉ፣ እኛ «የላም በረት!» ብለን ጣሪያውን እናናጋዋለን። ጅቡን አገር ቤት አይተዉትም፤ ኦስሎ ያመጡታል። ጅቡ ያለ ቲኬት ምድር ባቡር ይሳፈራል፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ «እኔ ውሻ ነኝ፣ ባለቤቴ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ትጠብቀኛለች» ይላል፣ «እስኪ ጩኽ» ሲሉት ደግሞ... ጋሽ ዘውዴ አንገታቸውን አስግገው እንደ ጅብ ሲጮኹ ሻማው ይርገበገባል፣ ትንሿ ሳራ እኔ ላይ ትለጠፋለች፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። አባቴ ከሥራ ደክሞ የሚገባ፣ ከምሳሌ ይልቅ ቁጣ የሚቀናው ሰው ስለነበር፣ እኔ ተረት የሚባል ነገር የሰማሁት ከሳቸው ብቻ ነው።

ተረቱ ሲያልቅ እጃቸውን ዘርግተው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» ይላሉ። አገር ቤት ይህን ብዙ ሰው ለወጉ ያህል ይለዋል፤ እሳቸው ግን ዋዛ አያውቁም። «ተረት በነፃ የሰማ ልጅ በማግስቱ ይረሳዋል» ይሉናል። ስለዚህ ቦርሳችንን ከፍተን ማትፓከያችንን እናወጣለን፤ እዚህ አገር ልጅ ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ የሚይዘው የምሳ ዳቦ ነው። ከተረፈን ላይ ጥግ ጥጉን ቆርሰን እንሰጣቸዋለን። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ዳቦው ላይ ያለውን ቡናማ አይብ እኮ እንደ መድኃኒት ነበር የሚውጡት፤ ፊታቸው ሲኮማተር እናያለን፣ ግን አንድም ቀን አይመልሱም።

አንድ ቀን ኢዳ መጣች። ኢዳ የክፍሌ ልጅ ናት፣ ኖርዌጅ፣ ቢጫ የበረዶ ልብስ ያላት፣ ሁላችንም ጓደኛዋ ለመሆን የምንሞትላት። እኔን ለመጠበቅ በሩ ላይ ቆማ ሳለ ተረቱ አለቀ። ዳቦ ስንቆርስ፣ ጋሽ ዘውዴም ሲጎርሱ አየች። በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ «ሽማግሌያችሁ የልጆች ምሳ ይበላል፣ ቤቱ ምግብ የለም እንዴ?» እያለ ሳቀብን። ኢዳ «አንቺም ትሰጪዋለሽ?» ስትለኝ «እኔ እንኳን አልሰጥም» አልኳት። የመጀመሪያዋ ውሸቴ ይህች ነበረች። የልደቷ ጥሪ ወረቀት በዚያ ሳምንት ይታደል ነበርና።

ወሬው ወላጆች ጆሮ ደረሰ፣ ከወላጆች ምክትል ርዕሰ መምህሯ ጋ። ከአምስታችን ኖርዌጅኛው የሚቀናኝ እኔ ስለሆንኩ የጠራችው እኔን ነው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን አለስልሳ ነው የጠየቀችኝ።

«ዘውዴ ምግባችሁን ይበላል?»

«ያ» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው።

«ራሱ ነው ስጡኝ የሚለው?»

«ያ።»

«ካልሰጣችሁትስ? ትፈሩታላችሁ?»

ልማድ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ጥጉን ብቻ ነው፣ አይቡን እንኳን አይወደውም ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ግን በመስታወቱ በር በኩል የኢዳ ቢጫ ልብስ ኮሪደሩ ላይ ይታየኝ ነበር፣ እኔም «የኛ ልማድ» ከማለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንገቴን ደፋሁ፤ ሁለተኛዋ ውሸቴ። ያን ቀን አንገቴን የደፋሁት ለአክብሮት አልነበረም፤ ሴትዮዋም የጋሽ ዘውዴን ትምህርት ረስታው ኖሮ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «በቃ፣ ገባኝ» አለችኝ።

ከገና ዕረፍት ስንመለስ ጋሽ ዘውዴ የሉም። ክፍላችን የበረዶ መንሸራተቻ ማስቀመጫ ሆነች።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ለጋሽ ዘውዴ ባለቤት፣ ናይሮቢ ቀርተው ለነበሩት ለእትዬ አስቴር፣ ስም ጠርቶ ይጸልይ ነበር። ሚስትን ለማምጣት ሥራ እንዳለህ ማሳየት ግድ ነው፤ ይህን እኛ ልጆቹም እናውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን አባቴ እራት ላይ እጁን ከማዕዱ አንስቶ «ዘውዴን ከሥራ አስወጡት» አለ። «የልጆች ምግብ ይቀማል አሉት አሉ! ዘውዴን! አንዲት ተማሪም መስክራለች ብለው አነበቡለት። አስቴርም እዚያው ቀረች ማለት ነው። ምን ዓይነት ምላስ ነው፣ በእግዚአብሔር!» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የማን ልጅ ትሆን?» አለኝ። አፌ ውስጥ የጎረስኩት ነበር። አላውቅም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሦስተኛው ውሸት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፤ አልያዝኩትም እንጂ።

በፋሲካ ከአምልኮ በኋላ ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ጋሽ ዘውዴን ከበው «ተረት! ተረት!» አሉ። አላሳፈሯቸውም፤ ጅቡን እንደገና ባቡር አሳፈሩት፣ ጮኹ፣ ልጁ ሁሉ ሳቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ መጨረሻዋን ጠበቅሁ። ትንሿ ሳራ ዳቦዋን ቆርሳ ይዛ ነበር። ጋሽ ዘውዴ አዩዋት፣ ሁለቱን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና «በቃ፣ አለቀች። ሂዱ ተጫወቱ» ብለው ካፖርታቸውን ሊያነሡ ሄዱ። ሳራ ዳቦዋን እንደያዘች ቀረች። ሲያልፉ እኔን አገኙኝና እንደ ወትሮው ግንባሬን ሳሙኝ፣ «አማርኛውን እንዳትተዪው፣ እሺ?» አሉኝ። ምነው ያን ቀን በጥፊ ባሉኝ!

እትዬ አስቴር ከሦስት ዓመት በኋላ መጡ። ጋሽ ዘውዴ እስከዚያ ድረስ አዛውንት መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ሲሠሩ፣ ከበረዶ ጋር ሲታገሉ ነበር። እትዬ አስቴር በመጡ በሳምንቱ ሆልምሊያ ያለው ቤታቸው ጠሩን፤ ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። ቆረሱና የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለኔ ዘረጉልኝ፤ «እንኪ የኔ እናት፣ ዘውዴ በደብዳቤው ሁሉ ስላንቺ ጉብዝና ነው የሚጽፍልኝ።» በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዛሬ የጋሽ ዘውዴን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ግሮሩድ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሐበሻ ልጆች። ሥራውን እንዳገኘሁ ባቡር ላይ አገኘኋቸው። ሸብተዋል። ስነግራቸው እጄን ጨብጠው አልለቅም አሉ፤ «ጎሽ! አንቺ አፍ ትሆኛቸዋለሽ» አሉኝ። ያውቁ ይሆን? «አንዲት ተማሪ» ተብሎ ተነብቦላቸዋል፤ ሳራ ገና አንደኛ ክፍል ነበረች፣ ሌሎቹ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ መውረጃቸው ደረሰ፣ እኔም ደርሷል ብዬ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ መውረጃ በሌለበትም አልነገርኳቸውም። አይ እኔ!

ልጆቼ ተረቱን ከሰሙ በኋላ ዳቦ ይቆርሱልኛል። ስለዚህ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት፣ ከመጀመሪያው ተረት በፊት፣ ለአስተማሪዎቹና ለወላጆቹ በኖርዌጅኛ አንዲት ወረቀት እልካለሁ። «በእኛ ልማድ ተረት የሰማ ልጅ የነገረውን ሰው ቁራሽ ዳቦ ያቀምሰዋል። ምስጋና ነው። ማንም አይገደድም። ቁራሿ ከአውራ ጣት አትበልጥም።» ይኸው ነው፤ አራት አጭር ዓረፍተ ነገር። ከባድ ቃል የለበትም፣ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይደናቀፍ ይለዋል።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።