ከኪቦርዱ ሆድ የወጣው ፊልም

ባለፈው እሑድ አምልኮው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። እንደ ወትሮው ያለ ኪቦርድ ልንዘምር ነው ስል አንዱ የመዘምራን አባል ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ከች አለ፤ እኔም አሥራ ሁለት ዓመት የተጫወትኩበትን ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገልብጬ የድንጋይ ማስገቢያውን ክዳን ከፈትኩ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታው። የአባቴ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ሽታ ነበር። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ፊልም ተወትፏል። ክው አልኩ።

አባቴ ኦቦ ዲንሳ አምቦ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ካሜራው አንገት ደፍተው ከላይ ወደ ታች የሚያዩበት፣ በአንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ከባድ ሳጥን ሲሆን፣ ኪቦርዱ ደግሞ ለፎቶ ማድመቂያ የተገዛ ነው፤ ከጌዶም ከካቺሲም የመጣ ጎረምሳ ሁሉ፣ ቁልፍ ነክቶ የማያውቀው ሳይቀር፣ ጣቶቹን ዘርግቶበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ትልቅ ሙዚቀኛ ይነሳ ነበር። ስልክ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር ግን ጎረምሳው ሁሉ የራሱ ፎቶ አንሺ ሆነና ቤታችን ጭር አለ። በዚያው ሰሞን እናቴ ታመመች። ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ስላለባት ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱ መሸጥ ነበረበት፤ አባቴም ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ "የሚቀረውን አንቺ ምረጪ" አለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

ልቤ ያለው ካሜራው ላይ ነበር። ጨለማ ክፍሉ ለልጅ የተከለከለ ስለነበር ከሙያው የማውቀው ሽታውን ብቻ ነው፤ የስልክ ዘመን ልጅ ነኝና የተነሳ ፎቶ ከጀርባ ይታያል ብዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ሥር የካሜራውን የጀርባ ክዳን ከፈትኩት። አባቴ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን ሊከፍት ሲል ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችው እናቴ ሳቀች።

"ተዋት አንተ!" አለችና ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ካሜራ ምን ያደርግልሻል? ፊልሙም ከገበያ ጠፍቷል። ይሄኛው ይሻልሻል፤ እየዘመርሽ ትጠብቂኛለሽ።"

ኪቦርዱን መረጥኩ። ካሜራው በዚያው ሳምንት ተሸጠ። በእግሯ ሄዳ መኪና የተሳፈረችው እናቴ ግን ከወር በኋላ በሬሳ ሳጥን ተመለሰች።

ለቅሶው ላይ የምናስቀምጠው ፎቶ አጣን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ "ነገ፣ ፀጉሬን ስሠራ" እያለች ከካሜራ የሸሸች የፎቶ አንሺ ሚስት ነበረች፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ አባቴም ነገ ነገ ሲል አልፎታል ብለን አመንን። የቀበሌ መታወቂያዋን ፎቶ አጉልተን፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ማኅተም እንዳረፈ አስቀመጥነው። ስንቱን ጎረምሳ ሙዚቀኛ ያደረገ ሰው ሚስቱን እንዴት አንድ ቀን አያነሳም ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቀይሜው ኖርኩ፤ ምግብ ሳቀርብለት እንኳ ዓይኑን አላይም ነበር።

የዚያኑ እሑድ ከሰዓት ፊልሙን ይዤለት ሄድኩና መስኮቱ ላይ ዘረጋነው። ጥቁር ነው። ከጥቅሉ መሃል የነበረው የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ በከፊል ተርፎ፣ ጉልበት ላይ ያረፈ የሴት ቀኝ እጅ ይታይበታል።

"አባባ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የእናትሽ ነዋ" አለ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል። "ካሜራውን የከፈትሽ ዕለት ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ 'በል እንግዲህ አንሳኝ' አለችኝ። አሥራ አንድ አንስቼ ነበር። አንዷን ካንቺ ጋር ልትነሳ አስቀረቻት። በኋላ 'ልጄ እንዳታውቅ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች' ብላ አስማለችኝ። ፊልሙን አጥቤ ሳየው፣ ክዳኑ ሲከፈት የገባው ብርሃን አቃጥሎታል፤ መጣል ግን አቃተኝ፤ ካንቺ ጋር ይሁን ብዬ እዚያ ከተትኩት።"

የእናቴን ፊት ያጠፋሁት እኔ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተኮረፈው እሱ። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት።

አሁን ከእናቴ የቀረኝ ማኅተም ያረፈበት ግንባርና ይሄ እጅ ነው። እጁን አውቀዋለሁ፤ ኪቦርዱን ወደ እኔ የገፋው ነው።